ጋሼ ፎቁና የጥላው ሐረግ

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ቂሟ እንደ ስፌቷ ነው፤ ከላይ አይታይም፣ ቢጎትቱት ግን አይተረተርም። ባሏ በሞተ በዓመቱ የባሏ ወንድም አጥሯን ታክኮ ፎቅ ሠራ። ሰፈሩም ወዲያው «ጋሼ ፎቁ» አለው። ፎቁ ፀሐይዋን ከጠዋት እስከ ማታ ጋረደባት። ጽጌረዳዋ ጠወለገ፣ ሣሩ ሞተ፣ ግቢው ራቁቱን ቀረ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጭቃው በበሩ ሥር እየገባ የሰው ጨርቅ ያበላሽባት ጀመር። ደንበኛም ሸሸ።

«እንዲህ ከምትሰቃዪ ግቢውን ለእኔ ልቀቂልኝና ደህና ቦታ ፈልጊ» አላት። አዛኝ ቅቤ አንጓች!

እሷ ግን ወንዝ ዳር ወርዳ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን የአገሩን ሐረግ በጆንያ ተሸክማ መጣች። መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ጥላ የሚወድ፣ አንዴ ከተተከለ ከዓመት ዓመት የሚኖር፣ ትንንሽ ነጭ አበባ ያለው ነው። ከብት ረግጦ ሲበጣጥሰው ይብስ እንደሚባዛ አይታለች። ይህን ግን ለማንም አልተነፈሰችም። እኔ እንኳ የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ የሰፈሩ ወሬ ለማያመልጠኝ ለእኔ ደግሞ ይህ ውርደት ነው።

ሐረጉ አፈሩን ጨምድዶ ያዘ፤ ጭቃው ቆመ። ንቡም ቢራቢሮውም መጣ። ወፎች ትል ሊለቅሙ ወረዱ፣ እንቁራሪቶችም ከቅጠሉ ሥር ጎጆ ወጡ። ጋሼ ፎቁ በመስኮት እያየ ከንፈሩን ነከሰ። ሰፊዋም የምትጠብቀው ይህንኑ ነበር። መስኮቱ ሥር ቆማ ጎረቤቷን ጮክ ብላ፣

«እቴ፣ የምፈራው አንድ ነገር ነው። ሰው በዶማ ከከታተፈው አለቀልኝ!» አለቻት።

«ኧረ ቀስ በይ፣ ይሰማሻል!»

«ማን? ጋሼ? እሱማ ደግ ሰው ነው።»

በማግስቱ ገበያ ስትሄድ ደጉ ሰውዬ አጥር ዘለለ። ሱሪውን ቀደደ (ማን ጋ ወስዶ ያሰፋው እንግዲህ?)፤ ሐረጉንም እንደ ሽንኩርት ከተፈው። ማስረጃ እንዳይገኝበት ቁርጥራጩን በጆንያ አጭቆ ከራሱ ጓሮ፣ ከፎቁ ጥላ ሥር ደፋው። እሷ ተመልሳ ስታይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተንቀጠቀጠች። እኛ አለቀሰች ብለን አጽናናናት።

ዝናቡ ሲመጣ የቀረ ቁራጭ ሁሉ ሥር ሰደደ። የእሷ ግቢ ከፊተኛው በልጦ ለመለመ። የእሱ ጓሮማ ጉድ ሆነ፤ ሐረጉ በሲሚንቶው ስንጥቅ ሁሉ ብቅ ብቅ አለ፣ ደረጃውን አለበሰው። እንቁራሪቶቹም መንገዱን አወቁት። ሚስቱ ደግሞ እንቁራሪት ስታይ ነፍሷ የሚወጣ ሴት ናት። «ወይ እነሱ፣ ወይ እኔ!» ብላ ሻንጣዋን ይዛ እህቷ ቤት ገባች።

ጋሼ ፎቁ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የሰፊዋን በር አንኳኳ።

«በሞተው ወንድሜ ይዤሻለሁ፣ ይህ ነገር በምን ይጠፋል?»

ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ፀሐይ ብቻ ነው የማይችለው፣ ጋሼ። ፎቁን ያፍርሱት፤ ወዲያው ይደርቅልዎታል።»

ከዚያም ጨርቋን ወደ ስፌት መኪናዋ መለሰችና መርገጫውን ረገጠች። እሱ ሌላ ቃል ሊናገር አፉን በከፈተ ቁጥር መኪናዋ ይበልጥ ጮኸች።