ዘጠኝ መደብ፣ አንድ መንገደኛ

መምህር የሻው ያን ቀን ቀሃ ወንዝ ዳር የወረደው አስቦበት አልነበረም። ዘመኑ ደርግ ነው፣ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፤ ቤንዚን በኩፖን ሆኖ ታክሲ እንደ ልብ የማይገኝበት ጊዜ። አዘዞ ያለች እኅቱን ጠይቆ ሲመለስ ማኪና ቢጠብቅ ቢጠብቅ ሲያጣ፣ በእግሩ ወንዙን ተከትሎ ወደ ጎንደር ሽቅብ ያዘግማል።

«አንተ ወንድም፣ ቁም እስቲ።»

ቀና ሲል ከአትክልት መደቦች መሀል አንዲት ሃምሳውን ያለፉ ወይዘሮ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በመቀነት እንደታጠቁ ወደ እሱ ይመጣሉ። እጃቸውን ዘርግተው አጥብቀው ጨበጡት።

«የዚህ ቀበሌ ሰው ነህ?»

«አይደለሁም፤ መምህር ነኝ፣ የኔ ቀበሌ ከተማው መሀል ነው።»

«ከነዚህ ውስጥ የምታውቃት አለች?»

ከኋላቸው ስምንት ሴቶች ቆመው እንደ አዲስ ሙሽራ ያዩታል። «ኧረ አንዷንም አላውቅ።»

«ሸጋ። እንግዲያው ዕጣ ትጥልልናለህ።»

ወይዘሮ እንኳየሁ ይባላሉ። ነገሩን ሲያስረዱት፣ ሴቶቹ ዘጠኝ፣ መደቡም ዘጠኝ ነው። ወንዙን የተጠጋው መደብ አፈሩ ጥቁር፣ ውኃውም እጅ ቢዘረጉ የሚደረስበት ሲሆን፣ ከላይ ጫፍ ያለው ግን ድንጋይ ነው። ስለዚህ ክረምቱ በወጣ ቁጥር መደቡን በአዲስ ዕጣ ይከፋፈሉታል፤ ዕጣውን የሚጥለው ደግሞ ማንንም የማያውቅ መንገደኛ መሆን አለበት። አምና መንገደኛ ሲጠፋ የአንዷን አማች አስጥለው፣ ከመካከላቸው ታየች የምትባለው «አድልዎ ነው» ብላ ቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ድረስ አቆመቻቸው። ይኸውና ዘንድሮ የቀበሌው የልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ክንዱ ራሱ መጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ «አሁንም ከተካሰሳችሁ ቦታው ለችግኝ ጣቢያ ይሆናል» ብሏቸዋል።

ሴቶቹ ለዕጣ የሚሆን ምልክት ፍለጋ ሲበተኑ፣ የሻው ጨዋታ ወዳጅ ነውና ወይዘሮ እንኳየሁን «እንዴት ጀመራችሁት?» አላቸው።

«ይህ የሰፈሩ ጉድፍ መጣያ ነበር» አሉት። የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ ጎንደርን ያወቁት ግንበኛ አግብተው ነው። ባላቸው ሲሞት ቅዳሜ ገበያ ነጭ ሽንኩርት ቸርቻሪ ሆኑ። ሽንኩርቱ ከሩቅ ስለሚመጣ ነጋዴው የጠራውን ከመክፈል ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። አንድ ቀን ጉድፍ ሊደፉ ሲወርዱ፣ ማንም ያልተከለው የዱባ ሐረግ በክምሩ ላይ ተንሰራፍቶ አዩ። «ዱባዋ የኔን ራስ ታክላለች። አባቴ ይህን ያህል ዱባ አርሶም አላገኘ፣ ጉድፉ ግን ሳይታረስ አበቀለው።»

ከዚያ ወዲያ በየቤቱ እየዞሩ «አመዳችሁንና ጉድፋችሁን ወንዝ አትድፉት፣ ለኔ ስጡኝ» ማለት ጀመሩ። ሰፈሩ «ጉድፍ ለማኟ» ሲል ስም አወጣላቸው።

«አላፈሩም?»

«ምነው? እህል መለመን ያሳፍር እንደሁ እንጂ ጉድፍ መለመን ምን ያሳፍራል?»

በዓመቱ አንዷ ተጠጋቻቸው፤ ከዚያ ሌላዋ፤ ዘጠኝ ሞሉ። ገበያ ላይ ዘጠኙም በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ፤ መስፈሪያቸው አንድ፣ ዋጋቸው አንድ። የራሷን ቀድማ የጨረሰች የጎረቤቷን ትሸጣለች እንጂ ተነሥታ አትሄድም። ቀበሌው ማዳበሪያ በጆንያ ሊያመጣላቸው ሲል ወይዘሮ እንኳየሁ አመስግነው መለሱት፤ «ለማዳበሪያው በየዓመቱ ደጅ መጥናት አለ፤ ላሚቱ ግን ፍጓን ሳትለመን ትሰጣለች» ብለው።

ሴቶቹ ተሰበሰቡ። የሻው ባርኔጣውን ገልብጦ ከኋላው ያዘና ፊቱን አዞረ፤ ዘጠኙም ተራ በተራ ምልክታቸውን ጣሉበት። ከዚያ ከወንዙ በኩል እንዲጀምር ነገሩትና እጁን ሰዶ ሳያይ የመጀመሪያውን አወጣ። አንዲት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ናት። የወንዙ ዳር መደብ ላይ አስቀመጣት።

የወይዘሮ እንኳየሁ ፊት በራ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሩቅ ሩቁ እየደረሳቸው፣ ባልዲ ሲያመላልሱ ጉልበታቸው አልቋል። ይህን መደብ ስንት ሌሊት አልመውታል።

«ቆይ» አለች ታየች። «አንተ መንገደኛ፣ ቅድም እጇን ጨብጠሃት አልነበር? እስቲ እጅህን አሽትት።»

የሻው አሸተተ። ሽንኩርት ነው።

ሴቶቹ ሳቃቸውን ለቀቁት፤ ታየች ግን አልሳቀችም። «ሰረቃችሁ አላልኩም። ግን ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ማን እንደሆነች ዕውር ያውቃታል። ተጫውታችኋል፣ እጅ ለእጅ ተያይዛችኋል፤ ይኼ መንገደኛ ነው ወይስ ዘመድ?»

«ከወጣማ ወጣ ነው» አለች አንዷ። «አይደለም» አለች ሌላዋ። ድምፁ ከፍ ከፍ ሲል ጓድ ክንዱ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ።

ወይዘሮ እንኳየሁ እስክሪብቶውን አዩ፤ መደቡን አዩ። ጎንበስ ብለው ሽንኩርቷን አነሡና ወንዙ ውስጥ ወረወሯት።

«ታየች ልክ ናት። ሌላ ምልክት አጥቼ ከመቀነቴ ያገኘሁትን ጣልኩ፤ እጄ ለኔ ስለማይሸተኝ ለሰውም የማይሸት መሰለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ዕጣው ይፍረስ። አንተም ሂድና እጅህን በአሸዋ ታጠብ።»

የሻው ታጥቦ ሲመለስ ታየች ራሷ እጁን አሸተተች። «ይሁን፣ አሁን የመምህር እጅ ነው» አለች።

ሁለተኛው ዕጣ ተጣለ። የወንዙ ዳር ለልብስ አጣቢዋ ለአማረች ወጣ። ክሩ፣ ባቄላው፣ የሸሚዝ ቁልፉ በየመደቡ ተቀመጡ። መጨረሻ ላይ፣ ከላይ ድንጋዩ መደብ ጋ ሲደርስ፣ ባርኔጣው ውስጥ አንድ ጠጠር ብቻ ቀረ።

«የማን ናት?»

ወይዘሮ እንኳየሁ እጃቸውን አወጡ።

እሳቸው ራሳቸው ቀድመው ሳቁ። «ጠጠር ጥዬ ምን ልጠብቅ ኖሯል?»

ጓድ ክንዱ ታየችን «አቤቱታ አለሽ?» አላት።

«አለኝ» አለች። ሁሉም ዞረው አዩዋት። «በዚህ ጉልበቷ ውኃ ከወንዝ እዚያ ድረስ ልትሸከም ነው? እኔ የወጣልኝ መካከለኛው ነው። ለራሴ ስቀዳ ለእሷም አወጣላታለሁ። ይህንንም ጻፈው።»

«አምና ሸንጎ ያቆመችኝ ዘንድሮ ውኃ ልትቀዳልኝ» አሉ ወይዘሮ እንኳየሁ። «ጻፈው ጓድ፤ ኋላ እንዳትክደኝ።»

ጻፈው። ደብተሩን አጠፈና «ችግኙ ሌላ ቦታ ይፈለግለታል» ብሎ ተነሣ።

ለየሻው አንድ እቅፍ ጎመን አስታቀፉት። ወይዘሮ እንኳየሁ እስከ መንገዱ ሸኙት። እሱም ሲለያቸው ከብዶት፣ «ለከርሞም በዚሁ ቀን ብቅ ልበልና ዕጣውን ልጣልላችሁ?» አላቸው።

«ለዕጣማ ከእንግዲህ አትሆንም» አሉት። «አውቀኸናል። ዶማ ይዘህ ና።»