አባዬ ኮዱን አልሰጥም አለ

«ልጄ መሆንሽን በምን አውቃለሁ?»

ይህን ያለኝ የገዛ አባቴ ነው። ዛሬ፣ በስልክ።

አባዬ ኳስ ለማየት ካፌ ለካፌ ከሚንከራተት ብዬ፣ ካሳንቺስ ቤታችን ቲቪ ላይ ኳስ የሚያሳይ የኦንላይን አካውንት ልከፍትለት ተቀመጥኩ። ፓስወርዴን አራት ጊዜ «ደካማ ነው» ብሎ መለሰብኝ። እስከዛሬ እንዲህ ያለኝ የሂሳብ ቲቸሬ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ ማረጋገጫ ኮዱ በአባዬ ስልክ ተላከ። እሱ ደግሞ ቄራ ሥጋ ሊገዛ ሄዷል። ደወልኩለት።

«መልእክቱ እኮ ለማንም አይስጡ ይላል።»

«አባዬ፣ እኔ ነኝ!»

«እሺ፣ ትንሽ ሆነሽ እጅሽን የተሰበርሽው በምን ነበር?»

«በጎረቤት በግ!» (ወግቶኝ ነው፤ በቃ፣ አታንሱት።)

«ትክክል። ግን ለማንም ነው የሚለው» ብሎ ዘጋው።

ጨዋታው ተጀመረ። እኔ ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጫለሁ፣ አባዬ ለካ ቄራ አንዱ ካፌ በር ላይ ቆሞ ጨዋታውን ያያል።

እረፍት ሲወጡ ሥጋውን አንጠልጥሎ መጣና ስልኩን ዘረጋልኝ።

«አሁን በአካል ስለቀረብሽ ይቻላል።»

ኮዱ የሚሠራው ለአምስት ደቂቃ ነበር።

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተስ ቤት ባንክ የሆነባችሁ ማን ነው?