ነጋዴው በእግሩ ሲሄድ

ፍኖተ ሰላም በነርስነት ሥራ በጀመርኩበት ዕለት የክፍሉ ኃላፊ ነርስ የደም ግፊት ስለካ ከኋላዬ ቆመው ያዩኝ ነበር። ታካሚው ክንዳቸው ወፍራም ነው፤ እኔ ግን ክንድ ላይ ከሚጠመጠሙት ካፎች ጠባቡን አሰርኩላቸው። «ልጄ፣ ጠባቡ ካፍ ግፊቱን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያሳይሻል። መጀመሪያ ሰውዬውን እዪ፣ ከዚያ ካፉን ምረጪ» አሉኝ። አፈርኩ።

ቡሬ ተዛውሬ የግፊትና የልብ ክትትሉን ክፍል ስይዝ ጋሽ ስመኘው መጡ። እህል ነጋዴ ናቸው፤ ሚዛን ላይ ሲወጡ መርፌው ጥጉን ይመታል። የጤና ጣቢያውን ደረጃ ወጥተው እስኪጨርሱ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ሐኪሙ ልባቸው ጫና እንደበዛበት ነገራቸውና ከመድኃኒቱ ጎን የምግቡንና የእንቅስቃሴውን ነገር ለእኔ ሰጠኝ። ጨውና ጮማ እንዲቀንሱ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግራቸው እንዲሄዱ ነገርኳቸው።

በወሩ ከባለቤታቸው ከእትዬ የሺ ጋር ተመለሱ። ትንፋሹ ያው ነው።

«በእግርዎ ይሄዳሉ?» አልኳቸው።

«እሄዳለሁ።»

«ኧረ ከመኪናው መች ይወርዳሉ!» አሉ እትዬ የሺ። «የወጡንስ ጨውና ቅቤ እኔ ቀንሼላቸዋለሁ።»

«ታዲያ የምሞተው እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?» ብዬ ጋሽ ስመኘው ላይ ጮኽኩባቸው። ይህን ማለቴ ዛሬም ይቆረቁረኛል።

ጋሽ ስመኘው ቀና አሉ። «ልጄ፣ ሁለት ቀን ሄጃለሁ። በሁለተኛው ቀን ገበያው ሁሉ ‹ስመኘው ከስሮ መኪናውን ሸጠ› አለ። ገበሬው ይህን ከሰማ እህሉን ሌላ መጋዘን ያወርዳል። ልቤ ሳይቆም ቤቴ ይዘጋ?»

ክው አልኩ። ስለ ጨው ስጠይቅ፣ ስለ ቅቤ ስጠይቅ፣ ሰው ምን ይልዎታል ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። እንደዚያች የመጀመሪያ ቀን ሰውዬውን ሳላይ ነበር የጀመርኩት።

«ጠዋት ኪዳን ይሄዳሉ?»

«ቀርቼ አላውቅም። በመኪና ነው እንጂ።»

«ከከተማው ዳር ወዳለው ቤተ ክርስቲያን በእግርዎ ቢሄዱስ?»

አዩኝና ሳቁ። ነጠላውን አጣፍቶ በጠዋት ኪዳን የሚሄድን ሰው ከሰረ የሚለው የለም። ሐኪሙን አማክሬ ቀስ ብለው እንዲጀምሩ፣ ደረታቸውን ከወጋቸው ወዲያው ቁጭ ብለው እንዲያስጠሩን አስጠነቀቅኳቸው።

ከወራት በኋላ ክብደታቸው የቀነሰው ጥቂት ነበር። አሁንም ግዙፍ ናቸው። ግፊቱን ግን በሰፊው ካፍ ሁለቴ ለካሁት፣ ሁለቴም ወርዷል። ደረጃውንም ከእትዬ የሺ ጋር እየተጨቃጨቁ ነበር የወጡት።

«ምን አደረግሻቸው?» አለኝ ሐኪሙ።

«ኪዳን ላክኋቸው» አልኩት። ኮራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ!

ጡረታ ልወጣ ስል ጋሽ ስመኘው አንድ ወፍራም ነጋዴ እጁን ይዘው እየጎተቱ አመጡ። ገበያ ላይ «ከሰረ» ብሎ ያስወራባቸው እሱ ራሱ ነበር። «ይሄንም በእግሩ ላኪልኝ» አሉኝ።

ለወጣት ነርሶች የምነግራችሁ ይህንኑ ነው፦ ታካሚው ያዘዛችሁትን ካላደረገ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እንደከለከለው ጠይቁት።