ተርጓሚ ይሁኑ የተባልኩበት ቀን

ሠላሳ ስምንት ዓመት እስኪሆነኝ ፊደል አልለይም ነበር። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ልብወለድ ጸሐፊ ነኝ ስል "የት ተማርክ?" የሚሉኝ ስላሉ ቀድሜ ልገላገላቸው ብዬ ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። የተማርኩትም በጎልማሶች ትምህርት፣ ጉልበቴን በማያስገባ የልጆች ዴስክ ላይ ተኮራምቼ ነው።

ሐሳቡ የመጣልኝ እዚያው ወደብ ነው። ኮንቴይነር ጥላ ሥር ምሳዬን እየበላሁ፣ ወደብ ካለ መርከብ መምጣቱ አይቀርም፤ ባሕር ከሌለ ደግሞ ከላይ ካልሆነ ከየት ይመጣል አልኩ። ምሳዬን አልጨረስኩም። ዛሬም ሳስበው ቁጭ ማለት ያቅተኛል።

በልብወለዴ መርከቡ ከሰማይ ይወርዳል። እኛ ጫኞች የባዶ ጆንያ አንዱን ጥግ ወደ ሌላው ጥግ አስገብተን እንደ ቆብ እንደፋዋለን፤ የቀረው ጀርባችን ላይ ይወርድና ከአቧራም ከፍትጊያም ያድነናል። ከሰማይ የመጡት እንግዶች ያን ቆብ ሲያዩ የምድር ነገሥታት እነዚህ ናቸው ብለው ለጫኞቹ ይሰግዳሉ። የወደቡ ተቆጣጣሪ ከረባቱን ቢያስተካክል ዞሮ የሚያየው የለም። ይህን ስጽፍ ብቻዬን እስቅ ነበር። አራት ዓመት ፈጀብኝ።

ጽሑፉን ደሴ ፒያሳ መጽሐፍ ለሚሸጥና ለሚያሳትም ሰው ሰጠሁት። በሳምንቱ ጠራኝ።

"ጋሼ፣ ወላሂ ቆንጆ ሥራ ነው። ግን ሳይንሳዊ ልብወለድ በአበሻ ስም አይሄድም። መደርደሪያውን ይዩት እስኪ።"

አየሁት። ፍቅር፣ ታሪክ፣ ቶሎ ሀብታም ስለ መሆን። ሽፋኑ ላይ ኮከብ ያለበት ሁሉ "ትርጉም" ይላል። የተማሩት ደግሞ ሳይንስ ሳይኖረን ምን ሳይንሳዊ ልብወለድ ይሉኛል። እነሱ ንጉሥ ሳይሆኑ የንጉሥ ታሪክ ይጽፉ የለ? አንባቢው ሮኬት ይወዳል። ሮኬቱ እኛ ሰፈር ያርፋል ብሎ የሚደፍር አሳታሚ ነው የጠፋው።

"አንድ የፈረንጅ ስም እንፈጥርና ደራሲው እሱ ይሁን" አለኝ ሰውዬው። "እርስዎ ተርጓሚ ይሁኑ። ስምዎ ከታች ይገባል።"

"እንግሊዝኛ እኮ አልችልም።"

"ማን ይጠይቅዎታል?"

ደሞዝ ስቀበል በአውራ ጣቴ እፈርም ነበር። መጻፍ የተማርኩት የመጀመሪያ ቃል ስሜ ነው። ቢሆንም አልዋሽም፣ ልቤ ሸፈተ። መጽሐፉ ሰው እጅ ገብቶ ማየት ፈልጌ ነበር። እስከ ነገ ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ መቁጠሪያ የያዙ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ላይ ያለውን የወረቀት ክምር አዩ።

"የክስ ነው ልጄ?"

"የለም አባባ። የፈረንጅ ልብወለድ ነው፤ እኔ ነኝ የተረጎምኩት።" ውሸቱን መሞከሬ ነበር።

"ምን ይላል?"

ጠመዝማዛውን እየወረድን ነገርኳቸው። መርከቡ ሲያርፍ ከኋላ ያሉትም ጠጋ ጠጋ አሉ። ጆንያው ጋ ስደርስ የሽማግሌው ጣት መቁጠሪያው ላይ ቆመ።

"ቆየኝማ። ጥጉን ወደ ውስጥ ያስገባዋል ነው ያልከው?"

"አዎ።"

"ፈረንጁ ጆንያ ተሸክሞ ያውቃል?"

ከኋላ አንዲት ሴት "ፈረንጅ ሁሉን በማሽን አይደል እንዴ የሚያነሣው?" አለች።

"እኔ በወጣትነቴ ቡና ተሸክሜ ነው ያደርኩት" አሉ ሽማግሌው። "ይህን የጻፈው ጫኝ ነው። አንተ የየትኛውን ምስኪን ሥራ ሰርቀህ ነው ለፈረንጅ የሰጠኸው?"

"የራሴን" አልኩ።

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። እጄን፣ ከዚያ ትከሻዬን አዩ።

"በል ለምስኪኑ ሥራውን መልስለት" አሉኝ። "አሁን ቀጥል፤ ተቆጣጣሪው ምን ሆነ?"

መናኸሪያ ደርሰን ረዳቱ ውረዱ ቢል የሚወርድ ጠፋ። እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም። ገበያ የለውም የተባለው ልብወለድ ሰው ከመኪና አላስወርድ አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ፒያሳ ነበርኩ። ሰውዬው የሽፋኑን ወረቀት ዘረጋልኝ። "ደራሲ" ከሚለው ፊት ስሜን ጻፍኩ፤ "ተርጓሚ" የሚለውን ሰረዝኩት።

"አይሄድም ጋሼ።"

"ካልሄደ ተሸክሜ አዞረዋለሁ። ሙያዬ ነው።"

ስሜን ትክ ብሎ አየው። ራሱን ነቀነቀና እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደ።

"እሺ፣ ሽፋኑ ላይ ምን ይሣል? ሮኬት?"

"ጆንያ" አልኩት።