የልሳነወርቅ ካፖርት

ልሳነወርቅ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ፎቶ ቤት ከከፈተ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል። በሩ ላይ የተጻፈው የፓስፖርትና የዲቪ ፎቶ ነው፤ እንጀራው ግን አገር ቤት ለዘመድ የሚላከው ፎቶ ነበር። ለዚህም ከበሩ ጀርባ አንድ ጥቁር ካፖርት ተሰቅሏል፤ ሁለተኛው ቁልፉ ወልቆ በቡናማ ተተክቷል። ደንበኛው ቀጭን ከሆነ ካፖርቱን ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ ይሰበስበዋል፤ ወፍራም ከሆነ ሳያስቆልፍ እጁን ኪሱ ያስከትተዋል። ካሜራ ጀርባ አያይም።

"ይቺ በእኔና በእርስዎ መካከል ናት" ይላል ለእያንዳንዱ። እያንዳንዱም ከሱ በቀር በውሰት ካፖርት የተነሳ ሰው ያለ አይመስለውም።

በ2012 ቲና የምትባል፣ እዚሁ ተወልዳ ሥነ ጥበብ የተማረች ልጅ መጣች። እዚያው አቅራቢያ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ስለ ስደት ኤግዚቢሽን ልታዘጋጅ ነው።

"ጋሼ፣ የድሮ ፎቶዎች አሉህ?"

"ስንት ትፈልጊያለሽ?"

"ኦል ኦፍ ዘም።"

ስሙ ግድግዳ ላይ እንደሚጻፍ ሲሰማ ሣጥኑን እንዳለ አስረከባት። ጥሩ ጥሩውን መርጣ፣ አራርቃ የምትሰቅል መስሎት ነበር። ካፖርቱን ጭምር ስትለምነው የሙያው መሣሪያ የተከበረ መሰለውና ሰጣት።

በመክፈቻው ዕለት ደንበኞቹን ሁሉ ጠርቶ ገባ። ግድግዳው ላይ ሰማንያ ሦስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተሰልፏል፤ በሁሉም ላይ ያ ካፖርት፣ በሁሉም ላይ ያ ቡናማ ሁለተኛ ቁልፍ። መሐል ላይ ካፖርቱ ራሱ፣ እንደ ጻድቅ ዐፅም በመስታወት ውስጥ ቆሟል። ከሥሩ "የስደት የጋራ ቆዳ" ይላል። ልሳነወርቅ ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ ታየው።

የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛው ጋሽ ቢራቱ ራሳቸውን ሦስተኛው ረድፍ ላይ አገኙ።

"ልሳነወርቅ!"

"አቤት ጋሼ።"

"ይሄ ሁሉ ሰው የኔን ካፖርት ምን ያደርጋል?"

"የእርስዎን?" አለች ሆቴል አልጋ የምታነጥፈው ፅጌ። "እህቴ ይሄንኑ ላኪልኝ ብላ ሁለት ዓመት አኩርፋኛለች!"

"ያንቺስ ኩርፊያ ነው" አለ ከኋላ አንድ ሌላ ደንበኛ። "እኔ ወንድሜ ቢነዘንዘኝ መሳዩን ፈልጌ ገዝቼ ላክሁለት። እሱ ለብሶት ይንጎራደዳል፣ እኔ እዚህ በጃኬት እንቀጠቀጣለሁ!"

ፈረንጆቹ ጭቅጭቁ የዝግጅቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ። ቲና የቪዲዮ ካሜራዋን ሳታወርድ "ፓወርፉል!" አለች። ደንበኞቹ ልሳነወርቅን ሳይሰናበቱ ወጡ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ፎቶ ቤቱን የረገጠ የለም። በአራተኛው ጋሽ ቢራቱ መጡና በሩን ከኋላቸው ዘጉ። ባዶውን መስቀያ አዩት።

"ካፖርቱስ?"

"ሌላ ከተማ ሊታይ ሄደ፣ ጋሼ።"

"አይ ጉድ! እኛ እዚህ ተገትረን እሱ አገር ያያል።" በርጩማው ላይ ተቀመጡና ፀጉራቸውን በመዳፋቸው አስተኙ። "እንግዲያው ሌላ ግዛ። ቡናማ ይሁን።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ደግሞ ለዚያች ለፅጌ እንዳታሳያት።"

"በእኔና በእርስዎ መካከል ነው፣ ጋሼ" አለ ልሳነወርቅ። ፅጌ በማለዳ ደውላ ያዘዘችው ሰማያዊ እንደሆነ አልነገራቸውም።