የወረቀት ሳህን

ይህ የገጠመኝ በፈረንጆቹ 2012 እዚሁ ሲያትል ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም። ይብረድልኝም አልልም።

ያኔ ቱክዊላ በሚባል አካባቢ አንድ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ዋይት ሴንተር ሰፈር፣ እትዬ ብርቄ የሚባሉ እናት ቤት፣ ጥቂት ሐበሾች ተሰብስበን በመጽሐፍ ላይ እንወያያለን። ውይይቱ ሲያልቅ እትዬ ብርቄ ትልቅ ትሪ ያቀርባሉ፤ ከበን እንበላለን። እሳቸው ሳያጎርሱኝ የሚያልፉበት ቀን አልነበረም። እዚህ አገር ዘመድ ስለሌለኝ ዘመዶቼ እነሱ ነበሩ።

የዚያን ቀኑ መጽሐፍ ጥቁሮች መብታቸውን ስለተነፈጉበት ዘመን የሚተርክ የድሮ ልብ ወለድ ነበር። መጽሐፉ ላይ አንድ ሽማግሌ ዕድሜ ልኩን ያገለገላቸው ነጮች ማዕድ ሲቀርቡ፣ እሱ ጓሮ በር ላይ ለብቻው ይበላል። እትዬ ብርቄ ስለዚህ ሲያወሩ አለቀሱ።

"ሰውን እንደ ውሻ? እግዜርን አይፈሩም?" አሉ።

ጋሽ ወንዱ የሚባሉ፣ ቤልቪው የሚሠሩ ኢንጂነር ቀጠሉ። "ሶ፣ እኛ እግዜር ይመስገን እንዲህ ያለ ነገር አናውቅም። ሬሲዝም የፈረንጅ በሽታ ነው።"

ሁሉም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ዝም ማለት አቃተኝ።

"እናውቃለን እንጂ ጋሼ" አልኩ። "እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። በሠራችው ድስት ወጥ ይሠሩበታል፤ እሷን ግን ቡዳ ናት ብለው ቤት አያስገቧትም። ምግብ በቅጠል አድርገው ደጅ ነበር የሚሰጧት።"



"ኦኬ... እሱማ ያው ኋላ ቀርነት ነው። ከዚህ ጋር አይገናኝም" አሉ ጋሽ ወንዱ።

ምግብ ቀረበና ሰዉ ትሪውን ከበበ። ወንበሬን ሳስጠጋ እትዬ ብርቄ በወረቀት ሳህን ምግብ ይዘው ከኩሽና መጡ።

"ለአንቺ ለብቻሽ አወጣሁልሽ የኔ ልጅ፤ እንዲመችሽ ብዬ ነው" አሉ። ዓይኔን አላዩም። አንድ ዓመት ሙሉ አብሬያቸው ስበላ ማንንም አልበላሁም፤ ቡዳነቱ ያን ቀን የጀመረኝ ይመስል።

አንድ ሰው እንኳ "ኧረ ነውር ነው" ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ሁሉም እጁን ወደ ትሪው ሰደደ።

ሳህኑን ተቀብዬ መጽሐፉ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ትሪው ጋ ተቀምጬ ቆርሼ ጎረስኩ። የሌሎቹ እጆች አንድ በአንድ ከትሪው ላይ ተሰበሰቡ። ጋሽ ወንዱ "መኪናዬን መጥፎ ቦታ ነው ፓርክ ያደረግሁት" ብለው ተነሱ። እኔ እስክጠግብ በላሁ። እጄን ታጥቤ ወጣሁ፤ እዚያ ቤትም ተመልሼ አልሄድኩም።

ከወራት በኋላ እትዬ ብርቄን ገበያ ላይ አገኘኋቸው። "ምነው ጠፋሽ? ኮል ባደርግ አታነሺም" ብለው ሊስሙኝ ተጠጉ።

"እትዬ፣ እኔ የበላሁበትን ትሪ ምን አደረጉት? ጣሉት?" አልኳቸው።

መሬት መሬት እያዩ ቀሩ። 

ይቅር በያቸው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። አልችልም። እናቴን ደጅ ያበሏት ሰዎች መጽሐፍ አንብበው አያውቁም ነበር። እነዚህ ግን አንብበው፣ አልቅሰው ነው።