ባለቤቱ የማያድርበት ቤት

እኔ እግሬ ቤት አይቀመጥም። ልጆቼም የልጅ ልጆቼም ለምደውታል። ጠዋት ቂርቆስን ተሳልሜ፣ በዚያው ወደ ቡልጋሪያ ወርጄ አንዷን የድሮ ጎረቤቴን ጠይቄ፣ ደግሞ በኦሎምፒያ ዞሬ እመለሳለሁ። ታክሲ አልወድም፤ ሰው አያሳይም። ካዛንቺስ ያለውን ያንን ፎቅም እንዲሁ ሳልፍ ነው ያወቅሁት፣ ልጄ ገና ሳይገዛበት። ገና ሲሠራ ሥዕሉ ቆርቆሮ አጥሩ ላይ ተለጥፎ ነበር። ዛፍ አለው፣ ውሻ የያዘች ሴት አለችበት፣ ሰማዩም የእኛ ሰማይ አይመስልም።

ልጄ ሊኖርበት አልገዛውም። እሱ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ኮንዶሚኒየም ነው ያለው። የገዛው ለውጭ አገር ሰው አከራይቶ፣ በኪራዩ ልጆቹን ሊያስተምር ነው። ገንዘቡ የመጣው ደግሞ ከእኔ ቤት ነው። ቂርቆስ ከባለቤቴ ጋር ያቆምነው የጭቃ ቤት ነበረን። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልጄ «እማዬ፣ ቦታው ወርቅ ሆኗል፤ እንሽጠውና የሚወልድ ነገር እንግዛበት» አለኝ። የሚወልድ ነገር ሲለኝ ጊደር መሰለኝ። በቃ ተሸጠ፤ እኔም ሴት ልጄ ዘንድ ገባሁ። የጭቃ ቤት ይበሉት እንጂ ጣሪያው ሲያፈስ አላየሁም። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ክረምት ሊገባ ሲል ወጥቶ የምስማሩን ቀዳዳ ሁሉ በሬንጅ ይደፍን ነበር።

የፎቁን ቤት ቁልፍ የምንረከብ ዕለት ድፎ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። የሻጩ ድርጅት ሠራተኛ፣ ሱፍ ለብሶ የግንበኛ ቆብ የደፋ ልጅ፣ ሰባተኛ ፎቅ ድረስ አጅቦን ወጣ። ሙዚቃ ተከፍቷል፣ በሩ ላይ ሪባን ታስሯል። የልጄ ሚስት እልል አለች። እኔ መታጠቢያ ቤቱን ሳይ ጥግ ላይ ክር የመሰለ ስንጥቅ አየሁና ጣቴን አሳለፍኩበት። ልጄ ጆሮዬ ሥር መጥቶ «ዛሬ አታሟርቺብኝ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኛ ዘንድ በደስታ ቀን ጉድለት መፈለግ ሟርት ነው፤ የሙሽራ ጥርስ እንደመቁጠር ያለ ነውር። ስለዚህ ወለሉ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሶ ወዴት እንደሚሄድ ያየ የለም። ቧንቧውን ከፍቶ የጠበቀ የለም። ዳቦውን ቆርሰን ፈረምን፤ ማለቴ፣ እሱ ፈረመ። ሱፍ ለባሹ ልጅ ዳቦዬን ደጋግሞ አነሳ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ፈረንጅ ተከራይ መጣ፤ ዝምተኛ ሰው ነበር። ክረምቱ እስኪገባ ሁሉም ደህና ሆነ። ዝናቡ ሲጀምር በረንዳው ውሃውን ወደ ውጭ ከመጣል ይልቅ ወደ ሳሎን ይልከው ጀመር። መታጠቢያ ቤቱም ያው፣ ሰው ገላውን ሲታጠብ ውሃው ፍሳሹን ትቶ መኝታ ቤት ይገባል። የእንጨቱ ወለል አበጠ። ኮርኒሱ ላይ ቢጫ እድፍ ወጣና እየሰፋ ሄደ። ልጄ ለድርጅቱ ደወለ። አንድ ሰው ቀለም ይዞ መጣና እድፉን ቀብቶት ሄደ። እንደገና ሲደውል የዋስትናው ጊዜ አልፏል አሉት፤ ኋላማ ስልኩን ማንሳትም ተዉ። ፈረንጁ መስቀል ሳይደርስ ዕቃውን ጭኖ ወጣ። ሲሄድ በአማርኛ «አመሰግናለሁ» ብሎናል፤ ይህ ከሁሉም ይበልጥ አሳፈረኝ።

ልጄ ያኔ ቤቱን ለመሸጥ ቆረጠ። ባዶ ቤት ገዢ አይወድም፣ ሰው ሰው ይሽተት ብሎ እኔን አመጣኝ። ኮርኒሱ ዳግም ተቀባ፣ ያበጠው ወለል ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ የሻገተው ግድግዳ ላይ ትልቅ ቁም ሣጥን ተጠጋ። ደላላው ሰው ባመጣ ቁጥር ልጄ «እናቴ እዚሁ ነው የምትኖረው፤ ጤናዋን ታያላችሁ» ይላል። ቁም ሣጥኑ ግድግዳውን ይሸፍናል፣ እኔ ደግሞ ቁም ሣጥኑን። ልጄ ክፉ ሆኖ አይደለም። እሱም ተታሎ ነው፤ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ አናቱ ላይ ቆሟል። ይህን እያወቅሁ ምን ልበል? ተቀምጬ ፈገግ እላለሁ።

በጋ ላይ ደላላው አንድ ባልና ሚስት አመጣ። ሳያት ደነገጥኩ። ቡልጋሪያ የቤት ዕቃ ሱቅ ያላት ሴት ናት፤ በደከመኝ ቀን ወንበር አውጥታ ጥላ ውስጥ ያስቀመጠችኝ፣ ውሃ የሰጠችኝ። እሷም አወቀችኝ። እጄን ስማ፣ እርስዎ ያሉበት ቤት ከሆነማ ምን አስጨነቀን አለች። ክፍሎቹን ቶሎ ቶሎ አዩ። ዋጋው ላይ ትንሽ ተከራከሩና ተስማሙ። የልጄ ፊት ሲፈታ አየሁት፤ እንዲያ ሲሆን ካየሁት ቆይቷል።

ሴትየዋ ያን ጊዜ መጥታ ፊቴ ቆመች። መዳፎቿን ዘረጋች፣ ባሏም ዘረጋ፣ ደላላው ኮፍያውን አወለቀ።

«እናቴ፣ ሳንፈርም ይመርቁን።»

ክርስቲያንም ሆነ እስላም፣ ሽማግሌ ሳይመርቅ ቤት አይገባም። ምርቃት ደግሞ ፈገግታ አይደለም፤ ፈጣሪን ጠርተው የሚናገሩት ነው። ልጄ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። አፌን ከፈትኩ፣ እግዚአብሔር አልኩና ቀጣዩ ቃል እንቢ አለኝ።

«ልጄ፣ ይህን ቤት መመረቅ አልችልም» አልኳት። «ክረምት ሲገባ ከላይም ከጎንም ያፈሳል። ያን ቁም ሣጥን አስነሺው።»

ልጄ ሳቅ አለና እናቴ አርጅታለች፣ ይምታታባታል አላቸው። ይህን ሲል አላየኝም። ባልየው ግን ቁም ሣጥኑን በትከሻው ገፋው። ግድግዳው ጠቁሯል። በጣቱ ሲነካው ልስኑ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። እኔ እስኪቆጡ፣ ሰድበውን እስኪወጡ ጠበቅሁ። ልጄን ማጣቴ ነው ብዬ ለዚያም ተዘጋጅቼ ነበር።

ባልየው እጁን በመሐረብ ጠረገና «እንግዲህ ዋጋውን እንደገና እናውራው» አለ።

እንደገና አወሩ። ደላላው በእናቱም በአባቱም ማለ። ልጄ ወደ በረንዳው ወጣ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ወጣ። በመጨረሻ ዋጋው በጣም ወረደና ተጨባበጡ። እኔ ነገሩ አልገባኝም። የሴትየዋን እጅ ይዤ እዚህ እርጥበት ላይ ልጆችሽን እንዴት ታስተኛለሽ አልኳት።

«ኧረ እናቴ፣ እኛ አንገባበትም» አለች፣ እንደሚያባብል ሰው። «እኛማ ቡልጋሪያ ነን። ቀለም ቀብተን እናከራየዋለን። በጋ ስለሆነ አሁን ነው ጊዜው።» መዳፎቿንም መልሳ ዘረጋች። «በሉ አሁን ይመርቁን።»

ሁሉም ይጠብቁኛል። «በዚህ ቤት የሚያድረውን ሰው እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ» አልኩ። «ልጆቹን ከብርድ ይሸፍንልኝ።» አሜን አሉ፣ አሚን አሉ። ከሁሉም የልጄ ድምፅ ይበልጥ ነበር።

መኪና ውስጥ ስንገባ ግን ፊቱ ጠቁሯል። «እማዬ፣ ጭራሽ ለባዕድ ብለሽ ልጅሽን አከሰርሽ» አለኝ። አሁንም በበዓል ይጠይቀኛል፣ ሥጋም ይልክልኛል፤ ስለ ቤት ግን ፊቴ አያወራም።

በቀደም በዚያ ሳልፍ ቀና ብዬ አየሁ። ሰባተኛው ፎቅ መጋረጃ ተሰቅሏል፣ በረንዳው ላይ የሕፃን ልብስ ታጥቦ ተሰጥቷል። ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል፤ ሰኔ ነው። ሕፃኑን ከዚያ ግድግዳ አርቀው ያስተኙት ልላቸው፣ ይህን ብቻ ልላቸው ገባሁ። ዘበኛው በአክብሮት አስቆመኝ።

«እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

ሰባተኛ ፎቅ ያሉትን አልኩት። ስማቸውን ይንገሩኝና ልደውልላቸው አለኝ። ስማቸውን አላውቅም። የባለቤቶቹ ዘመድ ነዎት ወይ ሲለኝም የሻጩ እናት ነኝ ማለት አፈርኩ። ወንበሩን ሊለቅልኝ ተነሳ፤ አይ፣ አልደከመኝም ብዬው ወጣሁ።